ለሊፍት መርዶ ያስነገሩት የወይዘሮ ኔቪያና ኮሌቫ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኔቪያና ኮሌቫ ባላባኖቫ ከአባታቸው ከአቶ ኮልዮ ባላባኖቭና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስቶያንካ እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. ጎርና ብሬዛ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው የወይን አትክልት ሠራተኛ፣ እናታቸው ደግሞ በኅብረት እርሻው ላም አላቢ ነበሩ። ኔቪያና በሁለት ዓመታቸው ልምሻ መታቸውና ሁለት እግሮቻቸው ሰለሉ።

በሕይወት ታሪክ ላይ እዚህ ቦታ ሲደረስ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ አላልፈውም። ክትባቱ በዚያው ዓመት እስከ ወረዳው ከተማ ደርሶ ነበር። ወደ መንደራችን ሳይመጣ የቀረው መንገዱ ጭቃ ነው ተብሎ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ወይን የሚጭነው መኪና በዚያው ጭቃ ላይ ወጥቶ ወርዷል። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ኦግንያን ከዚያ በኋላ ስለተወለድኩ ተከትቤ ይኸው በሁለት እግሬ ቆሜ አነብላችኋለሁ። ስለዚህ የእኅቴ ታሪክ የሚጀምረው በበሽታ ሳይሆን ሳይመጣ በቀረ መኪና ነው።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው አባታችን አዝለው ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት ወሰዷቸው። ፊደል እቤት ቆጥረው ስለጨረሱ ዳይሬክተሩ ያቀረቡላቸውን ሁሉ አነበቡ። ዳይሬክተሩም «ኮልዮ ወንድሜ፣ ልጅህ ጎበዝ ናት። ግን ደረጃውን ማን ተሸክሞ ያወጣልኛል?» አሉ።

«እኔ ጠዋት አምጥቼ ማታ እወስዳታለሁ» አሉ አባታችን።

«በመሃል ሽንቷ ቢመጣስ?»

አባታችን መልሰው አዝለዋቸው ወጡ። ኔቪያና ተራራ ላይ ወዳለ የአካል ጉዳተኛ ልጆች ማሳደጊያ ተላኩና ዐሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላቸው እዚያ ኖሩ። እናታችን በዓመት ሁለት ጊዜ ባኒጻ የተባለውን የአይብ ቂጣ ጋግረው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ በሦስት አውቶቡስ እየተሳፈሩ ይጠይቋቸው ነበር። እዚያ ቤት ተሽከርካሪ ወንበር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ልጅ ከአልጋ ወደ ምግብ ቤት፣ ከምግብ ቤት ወደ ክፍል የሚሄደው ተሸካሚው ሲመቸው ነው። ያስቀመጡህ ቦታ ተቀምጠህ ትቆያለህ። ተሸካሚው ከጠጣ ከግድግዳ ጋር ያጋጭሃል፣ ካልጠጣ ይሰድብሃል። እኅቴ ስለዚያ ቤት ብዙ አያወሩም ነበር። ሲጠየቁ «ድንች እንደሚዛወር ነው የተዛወርነው» ብለው ሌላ ወሬ ያነሣሉ።

በ1975 ዓ.ም. ወደ ስታራ ፕሪስታን ከተማችን መጥተው በማተሚያ ቤቱ በፊደል ለቃሚነት፣ የብረት ፊደላትን አንድ በአንድ ደርድሮ ጽሑፍ በማዘጋጀት ሥራ ተቀጠሩ። ማተሚያ ቤቱ ምድር ቤት ነበርና ስለ ደረጃ የሚነሣ ጭቅጭቅ አልነበረም። ለእርሳቸው የተሰጠው ሥራ የመርዶ ወረቀት ነው። ሰው ሲሞት በየቤቱ በር፣ በየመብራት እንጨቱና በየአውቶቡስ ማቆሚያው የምንለጥፈው፣ አርባው ሲደርስ፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ደግሞ «መታሰቢያ» ብለን የምናድሰው፣ ፎቶ ያለበት ጥቁር ጠርዝ ወረቀት ማለቴ ነው። የዚህች ከተማ ሙታን ሃያ ዓመት ሙሉ በኔቪያና እጅ አልፈው ነው የተቀበሩት። የትኛው ቤተሰብ ምን ብሎ እንደሚዋሽ አሳምረው ያውቁ ነበር። «ሚስቱን ሲደበድብ የኖረ ሁሉ እኔ ጋ ሲደርስ 'ደግ አባወራ' ይሆናል። ፊደሉ እንኳ ሲለቀም እምቢ ይላል» እያሉ ያስቁን ነበር።

በ1982 ዓ.ም. የዚያው ማተሚያ ቤት የማሽን ሠራተኛ ከሆኑት ከአቶ ፔንቾ ጌሮቭ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። የጋብቻ አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ነው። የሙሽራው ጓደኞች «ኔቪ፣ ዛሬ ንግሥት ነሽ» ብለው እየተሳሳቁ ተሸክመው አወጧቸውና ከጠረጴዛው ራስ አስቀመጧቸው። ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ግን እታች ረሱት። ሙዚቃው ተጀመረ፣ ራኪያው ተቀዳ፣ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዞ ሊጨፍር ወጣ። ሙሽራዋ ባስቀመጧቸው ቦታ ሆነው ሲስቁ ዋሉ። ሽንት ቤት መሄድ ሲፈልጉ የሚጠሩት ሰው ሁሉ ሰክሮ ነበር። የሠርጋቸውን ፎቶ ዛሬ ብታዩት ሙሽራዋ ከንፈራቸውን ነክሰው ነው የሚታዩት፤ እኛ ለዓመታት የደስታ እንባ የያዛቸው ይመስለን ነበር።

ቤታቸው ሲገቡ ለባለቤታቸው «ፔንቾ፣ ከዛሬ በኋላ ማንም አይሸከመኝም። አንተም ጭምር» አሏቸው።

«ቤት ውስጥስ?»

«ቤት ውስጥ እኔ ስጠይቅህ።»

አቶ ፔንቾ ይህን ቃል እስከ መጨረሻዋ ቀን አክብረዋል። በ1984 ዓ.ም. ልጃቸው ኢስክራ ተወለደች። የማዋለጃ ክፍሉ ሐኪም ወደ አልጋው ጎንበስ ብሎ «እንዲህ ሆነሽ እንድትወልጂ ማን ፈቀደልሽ?» ሲላቸው «ፔንቾ» ብለው መለሱለት። ኢስክራ ይህን ታሪክ ትወደዋለች። እኔ ግን ሐኪሙ በጡረታ ተሸኝቶ አበባ እንደተሰጠው ስለማውቅ እስከ ዛሬ አልስቅም።

ማተሚያ ቤቱ በ1997 ዓ.ም. ሲሸጥ ኔቪያናና አቶ ፔንቾ አንድ አሮጌ ማተሚያ ይዘው ቤታቸው ሥር የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዓይነ ስውሩ ጠበቃ ከአቶ ቦይቾ ጋር ሆነው በዚያችው ክፍል «ያለ ደፍ» የተባለውን የአካል ጉዳተኞች መብት ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ዊልቸር አያድልም፣ ብርድ ልብስ አያድልም። ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል። «ታዲያ ምንድን ነው ሥራችሁ?» ብለው ለሚጠይቁ ሁሉ እኅቴ «መጨቅጨቅ» ይሏቸው ነበር።

ጨቅጭቀውም ብዙ አስገኝተዋል። በየሰፈሩ ትምህርት ቤት አንቀበልም የተባሉ ልጆችን በፍርድ ቤት አስገብተዋል። ወንድሟ ሞግዚት ሆኖባት ባንክ መግባት፣ ድምፅ መስጠት፣ ማግባት የተከለከለችን ሴት የገዛ ፊርማዋን አስመልሰውላታል። ከተማችን ወለላቸው ዝቅ ያሉ አውቶቡሶች የገዛችው የማዘጋጃ ቤቱ ልብ ስለራራ የሚመስላቸው ካሉ ዛሬ ይወቁት፤ አቶ ቦይቾ አራት ዓመት ተሟግተው ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ በአካል ጉዳተኞች ቀን ለአባላቱ ቸኮላት ይሰጣል። የሚሰጠው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ ነው፣ ሊፍት የለውም። አባላቱ በታኅሣሥ ብርድ ታች ተሰልፈው፣ ንግግሩን ከላይ በድምፅ ማጉያ ሰምተው፣ ቸኮላቱ በካርቶን ይወርድላቸዋል። በ2004 ዓ.ም. ኔቪያና ካርቶኑን ሳይከፍቱ ወደ ላይ መልሰው ላኩት። ያወረደችው ጸሐፊ «ወይዘሮ ኔቪያና፣ ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለቻቸው። «ቸኮላቱ ደረጃ መውጣት እንደሚችል አይተናል፣ ደስ ብሎናል በያቸው» አሏት። በማግስቱ የከተማው ጋዜጣ «ምስጋና ቢሶች» ብሎ ጻፈባቸው።

አሁን ወደ ሊፍቱ ልምጣ። በከተማችን ፖሊክሊኒክ የልብ፣ የዓይንና የነርቭ ሐኪሞች ያሉት ሦስተኛ ፎቅ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሊፍቱ ቆመ። ማኅበሩ ጠየቀ፣ «መለዋወጫ ዕቃው መንገድ ላይ ነው» ተባለ። ወራት አለፉ፣ ዕቃው አሁንም መንገድ ላይ ነው። ያን ጊዜ ኔቪያና በጣም የሚያውቁትን ሥራ ሠሩ። ወንበራቸውን ሊፍቱ በር ፊት ለፊት አቁመው ፎቶ ተነሡና የመርዶ ወረቀት አዘጋጁ። «ከረጅም ሕመም በኋላ፣ አስታማሚ አጥቶ፣ የምንወደው ሊፍታችን ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ሐዘንተኞች፦ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያቃተን ልጆቹ» ይላል። አቶ ፔንቾ አተሙት፤ አባላቱ ከተማውን ሁሉ ለጠፉበት።

ፎቶው ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን ሊፍቱ ሳይሆን የኔቪያና ፊት ነበር፤ የእኛ ከተማ ሰው ደግሞ መርዶ ላይ ፎቶውን እንጂ ጽሑፉን ቆሞ አያነብም። ጎረቤታችን አሮጊቷ ባባ ዮና በዚያው ቀን የስንዴ ንፍሮ በሳህን፣ ለሟች እንደሚያዘው ጥንድ አበባ በእጃቸው ይዘው እያለቀሱ በሩን አንኳኩ። የከፈቱላቸው ኔቪያና ራሳቸው ናቸው።

«ኔቪ፣ ሞተሻል አይደለም እንዴ?»

«ገና ነኝ ባባ ዮና። ግቢ፣ ብርድ ነው።»

«ፎቶሽን በዓይኔ አየሁት እኮ።»

«ከኋላዬ ያለውን በር አላየሽውም? የሞተው እሱ ነው።»

ባባ ዮና ሳህናቸውን እያዩ «ታዲያ ንፍሮውን ምን ላድርገው? ግማሽ ቀን ነው የቀቀልኩት» አሉ። ኔቪያናም «ለሟቹ እንውሰድለት» አሏቸው።

ወሰዱለት። ሌላውም እየተሳሳተ የመጣ ሁሉ ወደዚያው ተላከና ከሰዓት በኋላ የሊፍቱ በር በአበባ ተሸፈነ። ባባ ዮና ንፍሯቸውን ለነርሶቹ በማንኪያ እያደሉ «ነፍስ ይማር በሉ፣ አትሳቁ» ይሏቸው ነበር። ወር ሳይሞላ ሊፍቱ ተሠራ። ከንቲባው ሪባን ቆርጠው ኔቪያና ምስጋና እንዲያቀርቡ ጋበዟቸው። እኅቴ ሊፍቱን የሠሩትን ሁለት መካኒኮች በስማቸው አመስግነው፣ «ደረጃ ስላሠራ የተመሰገነ ከንቲባ ስላላየሁ ስለ ሊፍት ማመስገኑን አላውቅበትም» ብለው ማይክሮፎኑን መለሱ።

ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ አሠራር ይኸው ሆነ። ለፖስታ ቤቱ ደጃፍ መርዶ ተነገረ፤ ለባቡር ጣቢያው፣ ለምርጫ ጣቢያው እንዲሁ። አርባቸው ሲደርስ መታሰቢያ ይወጣላቸዋል። አንዳንዱ ተሠራ፣ አንዳንዱ ዛሬም ሙት ነው። ከተማው ግን ለመደው። ሰዎች ዳቦ ሊገዙ ሲያልፉ ወረቀቱን አይተው «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተባት?» እያሉ ይስቁ ጀመር። እኅቴ መልመዳቸውን ከስድብ ይበልጥ ይፈሩት ነበር።

በ2021 ዓ.ም. መጸው ላይ የፖሊክሊኒኩ ሊፍት ዳግመኛ ቆመ። ዕቃው ዳግመኛ መንገድ ላይ ሆነ። በዚያው ክረምት ኔቪያና ልባቸው ደከመ፣ ሰውነታቸው ውሃ ይቋጥር ጀመር። መድኃኒቱ ልባቸው በየወሩ በማሽን እየታየ የሚስተካከል ነው፤ ማሽኑ ሦስተኛ ፎቅ ነው። በተዋሱት መኪና ሁለት ጊዜ ሌላ ከተማ ድረስ ሄደው ታይተዋል። ከዚያ በኋላ መንገዱን አልቻሉትም።

«አራት ጎረምሳ እናምጣና ይሸከሙዎት» ያላላቸው የለም። ሐኪሙ ብሏል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ብሏል፣ እኔም ብያለሁ። ለእኔ የመለሱልኝን ልንገራችሁ። «ኦጊ፣ እኔን ከተሸከሙኝ ሊፍቱን ለምን ይሠሩታል? እኔ ቀላል ነኝ። ራድካን ማን ይሸከማታል?» ነው ያሉኝ። ራድካን የማያውቃት የለም። የማኅበሩ አባል ናት፣ ያው የልብ ሕመም አለባት፣ እርስዋን ከነወንበሯ ሦስት ፎቅ የሚያወጣ አራት ጎረምሳ በዚህ ከተማ አልተፈጠረም። ይህን ስትሰማ ራድካ ራሷ ትስቃለች።

«ግትርነቷ ገደላት» የምትሉ አላችሁ። በየዳቦ ቤቱ ስትሉ ሰምቻለሁ፤ ዛሬም እዚህ ቆማችኋል። እናንተ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የማን ጀርባ ላይ ትሳፈራላችሁ? በልጅነቷ እንደ ጆንያ የተወረወረች፣ በሠርጓ ቀን እንደ ዕቃ የተረሳች ሴት፣ በስድሳ አምስት ዓመቷ ለአንድ የልብ ምርመራ እንደገና ጆንያ ሁኚ ስትባል እምቢ ማለቷ ነው ግትርነት? ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ ሊፍት አላሠራም ያለውስ ምን ይባላል? እኔ የምለውን አውቃለሁ፤ ቄሳችን አባ ኤቭቲሚ እዚህ ስላሉ አልናገረውም።

ወይዘሮ ኔቪያና ማርች 14 ቀን 2023 ዓ.ም. ማክሰኞ ጠዋት፣ አቶ ፔንቾ ለቁርስ ዳቦ ሲቆርጡላቸው፣ በወንበራቸው ላይ እንዳሉ አረፉ። አቶ ፔንቾ መርዶውን ራሳቸው አዘጋጅተው በዚያችው አሮጌ ማተሚያ አተሙት። «ደግ»፣ «የማትረሳ» የሚል ቃል አላስገቡበትም፤ ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ የቀብሩ ሰዓትና ፎቶዋ ብቻ ነው። እኔና ኢስክራ ዞረን ለጠፍነው።

ማንም አላመነንም። ሰው እያየው ፈገግ ብሎ ያልፋል። ዳቦ ጋጋሪው ከበሩ ላይ ስንለጥፍ «ዛሬ ደግሞ ምን ፈለገች?» አለን። ኢስክራ ሙጫውን እንደያዘች መንገድ ላይ ቁጭ አለች። ባባ ዮና እንኳ ባዶ እጃቸውን መጡ። «ዘንድሮስ አልታለልም ብዬ ነው ንፍሮ ያልቀቀልኩት። የት አለች?» እያሉ ገቡ። መስታወቱ እንደ ሐዘን ቤት ወግ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ባዶው ወንበር ግድግዳ ተደግፎ ሲያዩ ዞረው ወደ ቤታቸው ሄዱና ስንዴ ጣዱ።

ከሰዓት በኋላ የከንቲባው ምክትል ስልክ ደወሉልኝ። «አቶ ኦግንያን፣ ይኼስ በዛ» አሉኝ። «የራሷን ስም፣ የራሷን ፎቶ፣ የቀብር ሰዓት ሳይቀር? ሕዝብ ይሸበራል። እባክህ ንገራት፣ ወረቀቱን ታንሳ። ሰኞ ሰዎቹ መጥተው ሊፍቱን ይሠራሉ፣ ቃሌ ነው።»

«ዕቃው ደረሰ ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ዕቃውማ ከገና ጀምሮ መጋዘን ነው ያለው። የሚገጥም ሰው ጠርቶ ማስፈረም ብቻ ነበር የቀረው፤ ሥራ በዝቶ ነው።»

«ኔቪያና ዛሬ ጠዋት አርፋለች።»

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉኝ። «ሰኞስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱን እንኳ... አሁን እናንተም ሐዘን ላይ ናችሁ፣ ተረጋግተን እናየዋለን» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ይህን የጻፍኩት ሰውየውን ለማሳፈር ነው። ዕቃው ከገና ጀምሮ መጋዘን ነበር፤ እኅቴ እስከ ማርች በሕይወት ነበሩ። ምክትሉ ሰኞ ያሉን እኅቴ በሕይወት ያሉ ሲመስላቸው ነው፤ መሞታቸውን ሲሰሙ ሰኞውም ቀረ።

ኔቪያና በጥር ወር ለአባ ኤቭቲሚ አንድ አደራ ሰጥተው ነበር። «አባ፣ ስሞት መከራከር አልችልምና መሸከማችሁ አይቀርም። ግን ጓደኞቼ ወደማይገቡበት አታስገቡኝ» አሏቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ደረጃ ከፍ ያለ ነው። አባም «ልጄ፣ መስቀሉም ጽናውም ቀላል ነው፤ እኔ እወርዳለሁ» ብለው ቃል ሰጡ። ስለዚህ ሣጥናቸው ዛሬ የተቀመጠው ከደረጃው ሥር፣ በጓደኞቻቸው ወንበሮች መካከል ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የአበባ ጉንጉን ልኮ ለእንግዶቹ ከላይ፣ ከበሩ አጠገብ ቦታ እንዲያዝ ጠይቆ ነበር። አልያዝንም። ላይ የቆማችሁ ካላችሁ ውረዱ፤ ደረጃው ለእናንተ ያስኬዳል።

ወይዘሮ ኔቪያና ባለቤታቸውን አቶ ፔንቾን፣ ልጃቸውን ኢስክራን፣ የልጅ ልጃቸውን ካሊንን፣ ወንድማቸውን ኦግንያንን፣ አቶ ቦይቾንና የ«ያለ ደፍ» ማኅበር አባላትን በሙሉ ትተው አልፈዋል። አርባቸው ሲደርስ እንደ ወጉ የመታሰቢያ ወረቀት እንለጥፋለን፤ እስከዚያ ሊፍቱ ካልተሠራ ጎን ለጎን የሁለቱም ፎቶ ይወጣል።

እግዚአብሔር የእኅቴን ነፍስ ማንም እስኪመቸው በማይጠበቅበት ቦታ ያሳርፍልን። ለእርሳቸው ከእንግዲህ ሐኪም አያስፈልግም። ራድካ ግን ይቻትና፣ ከሣጥኑ አጠገብ፣ በሕይወት አለች። የልብ ሐኪም ቀጠሮዋ የፊታችን ሐሙስ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ።